የእንቦጭ ኮምፖስት፦ ዘሩ መሞቱን በምን ልወቅ?

ሐዋሳ፣ ቱላ አካባቢ ነኝ። በቆሎና ጎመን የማለማበት ትንሽ ማሳና ሁለት ላሞች አሉኝ። ዩሪያ እንዲህ ተወዶ የሚቀመስ ስላልሆነ ከሐይቁ ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረውን እንቦጭ በጋሪ አስመጥቼ ኮምፖስት ጀመርኩ።

እርጥቡን ከእበት ጋር ስደራርበው ክምሩ ጭቃ ሆኖ ገማ። ተክሉ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነውና አይገርምም። ከዚያ ፀሐይ ላይ አጠውልጌ፣ ከትፌ፣ የጤፍ ጭድ ጨመርኩበት፤ ሽታው ጠፋ። አሁን መሃሉ ላይ የሰካሁት ብረት ሲወጣ እጅ ያቃጥላል።

ችግሩ ዳር ዳሩ ነው፦ ባገላብጠውም አይግልም። ከገባው ውስጥ ያበበ ብዙ ነበር፤ የእንቦጭ ዘር ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ማሳዬ ተዳፋት በመሆኑ የክረምቱ ጎርፍ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው። ስንት ሰው ወገቡ እስኪቆረጥ የነቀለውን አረም መልሼ ልዘራው አልፈልግም። የአረም ዘር እንዲሞት ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት መቆየት አለበት ይባላል፤ እኔ ግን ቴርሞሜትር የለኝም።

ሠርታችሁ ያያችሁ ካላችሁ፣ ማሳ ላይ ከመበተኔ በፊት ዘሩ መሞቱን በምን ላረጋግጥ?