ጉንፋንን እንፋሎት ያድነዋል? ለ4 ዓመት ልጅስ ይሆናል?

የሳሚ እናት፦
እንደምን አላችሁ። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ ማታውኑ ሳፋ ሙሉ የፈላ ውሃ ይቀርባል። ፎጣ ተከናንበው ይታጠናሉ። «ቫይረስ ሙቀት አይችልም፤ ቀድመሽ ከታጠንሽ አይዝሽም» ይሉኛል። እኔም ሁለቴ ሞክሬዋለሁ፤ አፍንጫዬ ለጊዜው ከፈት ብሎልኛል። አሁን ደግሞ የ4 ዓመቱን ልጄን ጉንፋን ያዘው። ትናንት ማታ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አብረውት ሊታጠኑ ሲሉ «ቆይ ነገ» ብዬ አስቀረሁት። ልጄን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት፤ ላስቀይማቸው አልፈልግም። ግን የምር ይከላከላል? ያድናል?

መንገደኛው፦
እኔ በያዘኝ ቁጥር እታጠናለሁ። ላብ በላብ ሆኜ እተኛለሁ፣ ጠዋት ቀለል ብሎኝ እነሳለሁ። ስለ ልጅ ግን ምንም ማለት አልችልም።

የቃጠሎ ክፍል ነርስ፦
እህቴ፣ «ቆይ ነገ» ማለትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ቃጠሎ ክፍል 9 ዓመት ስለሠራሁ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

አማትሽ የሚሉት ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖቫይረስ የሚባለው ነው። የሚመቸው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው፣ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ። የምንስበው አየር ስለሚያቀዘቅዘው የአፍንጫችን ውስጥም እዚያው ገደማ ነው። በ37 ዲግሪ ግን እንደ ልቡ አይራባም። ታዲያ አፍንጫውን ብናሞቀውስ? ይህን የጠየቁ ትልልቅ ተመራማሪዎች ነበሩ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ፈረንሳዊው አንድሬ ልዎፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ ጥናት ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች 43 ዲግሪ የሞቀ እርጥብ አየር ለ20 ደቂቃ ተነፈሱ። 30 ዲግሪ ከተሰጣቸው ጋር ሲተያዩ ሕመማቸው በግማሽ ገደማ ቀለለ። ያጓጓል አይደል? ግን በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሌሎች ሲሞክሩት ያ ውጤት አልመጣም። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩም ይጠቅማል ብሎ አፍ ሞልቶ የሚያናግር ነገር አልተገኘም።

ስለ መከላከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ አንድ ጥናት አለ። 25 ሰዎች ለ6 ወር አዘውትረው ሳውና (በጣም የሚሞቅ የላብ ክፍል) ገቡ፣ 25ቱ አልገቡም። የገቡትን ጉንፋን የያዛቸው ያነሰ ጊዜ ነው፤ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በግማሽ ያህል። አንዴ ከያዛቸው በኋላ ግን ሕመሙ ከሌሎቹ አላነሰም። ጥናቱ ትንሽ ነው። ሳፋ ደግሞ ሳውና አይደለም።

«ሙቀት ቫይረስ ይገድላል» የሚለውም ላቦራቶሪ ውስጥ እውነት ነው። የኮቪድን ቫይረስ በ56 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ቢያቆዩት አቅም ያጣል። ግን 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፣ የልጅን ከዚያም ፈጥኖ። ቫይረሱ ያለው ሴሎቻችን ውስጥ ነው። እሱን የሚገድለው ሙቀት መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው።

አሁን ወዳስጨነቀኝ ልምጣ። አንድ ሌሊት የ3 ዓመት ልጅ መጣችልን። አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ሳፋው ፊት ለፊታቸው አልጋው ላይ። ውሃው ከእሳት ገና መውረዱ ነው። ፎጣው ስለሸፈናቸው ማንም አላየም። ልጅቷ በሙቀቱ ደንግጣ እግሯን ስታወራጭ ሳፋው ተገለበጠ። ሆዷና ሁለቱም ጭኖቿ ተላጡ። አያቷ ያንኑ እርጥብ ፎጣ እንደያዙ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አደሩ። ወንበር ብሰጣቸው እንቢ አሉኝ። እኚያ ሴትዮም ልጅቷን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩአት።

ስለዚህ ልጁን በፍጹም አታጥኑት። የታፈነ አፍንጫውን የጨው ውሃ ጠብታ ያላቅቅለታል፤ መድኃኒት ቤት ይሸጣል። ጠብታውን አማትሽ ያድርጉለት፣ እጃቸውን ሥራ አታስፈቺው። ድንገት የሚቃጠል ሰው ካለ ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። በረዶም፣ ቅባትም፣ የጥርስ ሳሙናም አይነካው።

መንገደኛው፣ አንተም ከታጠንክ ሳፋው የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ውሃውም ፍላቱ ይውጣለት። አልጋና ጭን ላይ በጭራሽ።

የሳሚ እናት፦
እያነበብኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። እግዜር ይስጥሽ። አሁን ስለካው 38.4 ሆኗል። አማቴ «ደራርበሽ አልብሺው፣ ላብ ይውጣው» እያሉ ነው።

የቃጠሎ ክፍል ነርስ፦
አትደራርቢበት። ሰውነቱ ራሱን እያሞቀ ነው፤ ትኩሳት ማለት እኮ እሱ ነው። ቫይረሱ የሚጠላውን ሙቀት ራሱ፣ በልኩ ያመጣዋል። ስስ ልብስ ይበቃዋል። ሙቀቱ 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሰውነት የሚያወጣው ጉልበት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ፈሳሽ ስጪው። ከተነጫነጨ በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል ይሰጠው።

ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ትንፋሹን እይልኝ። ሲተኛ ልብሱን ገለጥ አድርጊና የደረቱን ከፍ ዝቅ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ወይም መጠጣት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰጂው።

የሳሚ እናት፦
ተኛ። ጠብታውን አማቴ ናቸው ያደረጉለት። ስለ ልጅቷ አያት ሳነብላቸው ምንም አላሉም፤ ተነስተው የሳፋውን ውሃ ደፉት። ትንፋሹን እኔ ስቆጥር ሰዓቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። 28 መጣ። አላመኑኝም፣ እንደገና አስቆጠሩኝ። 27።