ፉክሲን ስሙን ያገኘው ከአበባ ነው ወይስ ከቀበሮ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የኬሚስትሪ ታሪክ የምታውቁ ወይም ፈረንሳይኛ በደንብ የምታነቡ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። ለላብራቶሪ ተማሪዎች ስለ ማቅለሚያዎች አጠር ያለ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው፣ ፉክሲን ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የቲቢ ምርመራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዚል ኔልሰን የሚባለውን የማቅለም ዘዴ ስንሠራ አክታው ስላይድ ላይ ከተቀባ በኋላ የምናፈስበት ካርቦል ፉክሲን የሚባለው ቀይ ነገር ማለቴ ነው፣ ባክቴሪያው በአሲድ ቢታጠብ እንኳን የማይለቀው።

ቀለሙን የሠራው ቬርጋን የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፣ አኒሊን የሚባለውን ኬሚካል ከቲን ክሎራይድ ጋር አሙቆ፣ ከዛ ሊዮን ከተማ ያለው የሬናር ወንድማማቾች ድርጅት በ1859 እ.ኤ.አ. ፓተንት አወጣበት። እስከዚህ ችግር የለም። ስሙ ላይ ግን ሁለት ነገር ይባላል፣ አንደኛው መልኩ ፉሺያ የሚባለውን አበባ ስለሚመስል ነው የሚል ነው፣ አበባው ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ጀርመናዊ የእጽዋት ሊቅ በሊዮንሃርት ፉክስ ስም የተሰየመ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሬናር በፈረንሳይኛ ቀበሮ ማለት ነው፣ ቀበሮ በጀርመንኛ ፉክስ ነው፣ ስለዚህ የባለቤቶቹን ስም ነው ወደ ጀርመንኛ የመለሱት ይላል።

እኔ ወደ አበባው አደላለሁ፣ የቀበሮው ታሪክ በጣም ልክክ ስለሚል በኋላ የተጨመረ ይመስለኛል። ማጀንታ የሚለው ሌላው ስሙ እንኳን ግልጽ ነው፣ በዛው ዓመት ጁን 4 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ፈረንሳይና ሰርዲኒያ ኦስትሪያን ካሸነፉበት የማጀንታ ጦርነት ነው የመጣው።

የፓተንቱን ዋና ጽሑፍ ወይም የዛን ጊዜ የሊዮን ጋዜጣ ያነበበ አለ? ድርጅቱ ራሱ ስለ ስሙ የተናገረው አንድ መስመር ብትጠቁሙኝ ይበቃኛል፣ ተማሪዎቹ የጻፍኩላቸውን እንዳለ ስለሚይዙት በግምት ማስተማር አልፈልግም።