የተረገመ አሻንጉሊት ቤት ሲገባ፦ ለቅዳሜ ማታ የትኛው ፊልም ይሻላል?

ጥያቄ፦ አሻንጉሊት ውስጥ መንፈስ ገብቶ ቤተሰብ የሚያሸብርበት ፊልም ጠቁሙ። ደም ከመርጨት ይልቅ ቀስ እያለ የሚያስፈራ ቢሆን ይመረጣል። «አናቤል» የሚባሉት ብዙ ስለሆኑ ከየትኛው ይጀመር? ከተመልካቾቹ አንዷ 14 ዓመቷ ነው።

መልስ፦ ያለ ጥርጥር ከ«አናቤል፦ ክሪኤሽን» ጀምሩ። በ2017 ወጣ፣ 109 ደቂቃ ነው። ከ2014ቱ «አናቤል» በኋላ ይሠራ እንጂ ታሪኩ ይቀድማል። አሻንጉሊት ሠሪው ሳሙኤል ሙሊንስና ባለቤቱ ትንሽ ልጃቸውን በመኪና አደጋ ያጣሉ። ከ12 ዓመት በኋላ ቤታቸውን ለአንዲት መነኩሲትና ለስድስት ወላጅ አልባ ልጃገረዶች ይከፍታሉ። ቤቱ ውስጥ የተቆለፈ ክፍል አለ፤ ከክፍሉ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው በመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች የተለጠፈ ቁም ሳጥን። አሻንጉሊቷ ያለችው እዚያ ነው።

ፊልሙን ከሌሎቹ የሚለየው ጃኒስ የምትባለው ልጅ ናት። ፖሊዮ እግሯን ስለጎዳው ሌሎቹ በሩጫ የሚያመልጡትን እሷ ማምለጥ አትችልም። ፎቅ የምትወጣውና የምትወርደው የደረጃውን ጠርዝ ተከትሎ በሚሄድ የኤሌክትሪክ ወንበር ነው። ወንበሩ ፍጥነት የለውም፣ እሷ በቀበቶ ታስራለች፣ ከኋላዋ ያለውን ደግሞ እኛ እናያለን። ሙዚቃ ሳይጮህ ልብ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። መጨረሻ አካባቢ የሚገለጠውን ምስጢር እዚህ መናገር ነውር ነው፤ ግን በመሠረቱ የሐዘን ፊልም ነው፣ ወላጅ የሆነ ሰው ይበልጥ ይነካዋል።

ታሪኩን በቅደም ተከተል ለሚፈልግ፦ መጀመሪያ «ክሪኤሽን»፣ ቀጥሎ የ2014ቱ «አናቤል» (99 ደቂቃ)፣ ከዚያ አሻንጉሊቷ የምትታይበት «ዘ ኮንጀሪንግ» (2013)፣ በመጨረሻ «አናቤል ካምስ ሆም» (2019፣ 106 ደቂቃ)። የ2014ቱ ከአራቱ ደካማው ነው። ባልና ሚስቱ ሰው ሆነው ሳይሳሉ ፍርሃቱ ይጀምራል፣ ስለዚህ የምንሳሳላቸው ሰዎች አይሆኑም። አንድ ትዕይንት ግን ብቻውን ዋጋ አለው፦ ነፍሰ ጡር ሳለች አሻንጉሊቷ የተሰጠቻት ሚያ ከምድር ቤት ለመውጣት ሊፍት ውስጥ ገብታ ቁልፉን ትጫናለች፤ በሩ ሲከፈት አሁንም እዚያው ምድር ቤት ናት። ደግማ ትጫናለች፣ ያው ምድር ቤት።

ለዚህ ማስተካከያ፦ ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን 14 ዓመቷን ረስታችኋል። አራቱም በአሜሪካ ደረጃ «አር» ናቸው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ አይገባም። ለእሷ «ዘ ቦይ» (2016፣ 97 ደቂቃ) ይሻላል፣ ደረጃው «ፒጂ-13» ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉት ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ማለት ነው። ግሬታ የምትባል አሜሪካዊት በሞግዚትነት ተቀጥራ እንግሊዝ ገጠር ትሄዳለች፤ የምትጠብቀው «ልጅ» ብራምስ የሚባል የሸክላ ፊት ያለው አሻንጉሊት ሆኖ ታገኘዋለች። አሠሪዎቿ የጽሑፍ ደንብ ትተውላት ይሄዳሉ፦ ፊቱን አትሸፍኚ፣ ሙዚቃውን ጮክ አድርጊለት፣ ሲመሽ ተረት አንብቢለት። ደንቡን የምትጥስበትን ቅጽበት መጠበቁ ነው የሚያስጨንቀው።

ለማስተካከያው መልስ፦ ለልጅ ይሁን። ግን ጥያቄው ስለ መንፈስ ከሆነ የ«ዘ ቦይ» መጨረሻ አቅጣጫ እንደሚቀይር ቀድሞ ይታወቅ፤ ብዙ ሰው ቅር የሚለው እዚያ ነው። «ሜጋን»ም እንደዚሁ ጎበዝ ፊልም ቢሆንም የማሽን እንጂ የእርግማን አይደለም።

አዋቂዎች ብቻ ስትሆኑ «ቻይልድስ ፕሌይ» (1988፣ 87 ደቂቃ) እዩ፤ ስድብና ደም አለው። ባሏ የሞተባት ካረን ለልጇ ልደት ከመንገድ ነጋዴ አሻንጉሊት ትገዛለች፣ የነፍሰ ገዳይ ነፍስ ገብቶበታል። ትዕይንቱ ይህ ነው፦ ባዶ ነው ያለችውን ካርቶን ስታነሳ ባትሪው ከውስጡ ዱብ ይላል። አሻንጉሊቱ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የዋለው ያለ ባትሪ ነበር። የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም፤ መተት ያለበት ዕቃ ደጃፍ ተቀብሮ ወይም በስጦታ መልክ ገብቶ ቤት ይበትናል ሲባል ሰምቶ ያደገ ነው።

ስለ እውነተኛዋ ለሚጠይቅ፦ አናቤል የተባለችው፣ መናፍስት እንመረምራለን ይሉ የነበሩት የዋረን ባልና ሚስት አሻንጉሊት እንደ ፊልሙ አስፈሪ ፊት የላትም። ቀይ የክር ፀጉር ያላት የጨርቅ አሻንጉሊት ናት፤ በኮነቲከት፣ ሞንሮ በነበረው ሙዚየማቸው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቆልፋ ትታይ ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ፊቷን ቀየሩት።

ስለ አተያዩ፦ በአማርኛ የሚተረኩትን ለዚህ ዓይነት ፊልም አትምረጡ። ለድርጊት ፊልም ጥሩ ናቸው፤ እዚህ ግን ተራኪው የሚናገርበት ሰዓት ፊልሙ ጸጥታውን የሚያጠራቅምበት ሰዓት ነው። በጽሑፍ ትርጉም እዩ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ቪኤልሲ በተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ ከዘገየ «ጂ»ን፣ ከቀደመ «ኤች»ን ተጫኑ፤ አንድ ጊዜ ሲጫን 50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሳል። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ፍላሹ «አልቀበልም» ካለ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው እንዲህ ያለ ትልቅ ፋይል በማይቀበለው «ፋት32» ስለሆነ ነው፤ በ«ኤክስፋት» ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ቀድማችሁ ገልብጡ፤ ቴሌቪዥናችሁ «ኤክስፋት» ማንበቡንም አረጋግጡ።

ንግግሩ ሹክሹክታ፣ ጩኸቱ መብረቅ ከሆነ ለስድስት ድምፅ ማጉያ የተቀናበረ ድምፅ በሁለት እየወጣ ሊሆን ይችላል። ድምፁን ወደ ስቴሪዮ ቀይሩ፣ ወይም የቪኤልሲን ኮምፕሬሰር (የጩኸቱንና የሹክሹክታውን ልዩነት የሚያጠብበውን) አብሩ። የቴሌቪዥኑን ምስል ደግሞ ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» አድርጉ። «ቪቪድ» ላይ ጥቁሩ ግራጫ ሊሆን ይችላል፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ጃኒስ በሩን ሳትከፍት ይታያችኋል።