ጠዋት ዲ ሳስገባ ቆይታ ነው የምትነሳው፤ ካምቢዮው ይውረድ?

ባለ አሮጌዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። መኪናዬ አውቶማቲክ ናት፤ 160,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ጠዋት ሞተር አስነስቼ ዲ (ወደፊት መሄጃውን ማርሽ) ሳስገባ ዝም ትላለች። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይታ “ዱብ” ብላ ትነሳለች። ዳገት ላይ ደግሞ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር) ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው። አንድ መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት “ካምቢዮው ይውረድ” አለኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ የሚያውቅ ይርዳኝ።

ጋራዥ ያደገ፦
አይዞህ ወንድሜ። ኮፈን ሳይከፍት የፈረደ ሰው መኪናህን አይንካ። መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱን እይ። ሜዳ ላይ አቁማት። ብዙ መኪኖች ላይ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ (ማቆሚያ) ላይ ሆኖ ነው። ሆንዳዎች ላይ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ስለሚለካ መመሪያውን አንብብ። መለኪያውን አውጥተህ ጥረግ፣ መልሰህ ክተት፣ እንደገና አውጣና ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርግ። ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ የእርር ሽታ ካለው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች (ተጣብቀው የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፉት) ሳይበሉ አልቀሩም። ወተት የገባበት ሮዝ ከመሰለ ግን ወዲያው አጥፋት! የራዲያተር ውሃ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር ዘይት ሊበላ ይችላል፤ ካምቢዮ አይበላም። ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ሁለቴ የከሰረች፦
ስትሞላ ተጠንቀቅ። ከልኩ ካለፈ ዘይቱ አረፋ ይሠራና ያው መንሸራተቱ፣ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት አለመጨመሩ፣ ይመጣል። ዓይነቱም ወሳኝ ነው። እኔ “ዘይት ዘይት ነው” ተብዬ ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ) ካምቢዮ ውስጥ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት አስሞልቼ ጉዴ ፈላ። የሲቪቲ ቀበቶ የራሱን ዘይት ነው የሚፈልገው።

ዝምተኛው፦
ዱብታው ብቻውን ቢሆን ሞተሩን ደግፎ የያዘውን ጎማ ነበር የምጠረጥረው። ሲበጣጠስ ልክ እንደዚያ ያደርጋል።

ባለ አሮጌዋ፦
አመሰግናለሁ! ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነው። ቡናማ ነው፣ የእርር ሽታ ግን የለውም። ማታ ሥሯ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ፤ ጠዋት ሦስት ጠብታ አገኘሁ፣ የካምቢዮውን ዘይት ወደ ራዲያተሩ የሚወስደው የጎማ ቱቦ መጋጠሚያ ሥር። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ልቀይረው? አሮጌ ዘይት አይነካም የሚሉ አሉ።

ጋራዥ ያደገ፦
ጎማውን ቀይር። ከዚያ በታችኛው ቡሎን አፍስስና የወጣውን ያህል በትክክለኛው ዓይነት ተካ። በዚህ መንገድ የሚወጣው በከፊል ነው፤ ቀሪው በዋናነት ቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ነድተህ ድገመው። በማሽን ግፊት ማጠቡን ግን ለአሮጌ ካምቢዮ አልመክርም። “አይነካም” የሚለው ወሬ የመጣው ሸራው ካለቀ በኋላ ቀይረው ዘይቱን ከሚከሱ ሰዎች ይመስለኛል።

ባለ አሮጌዋ፦
ጎማው ተቀየረ፣ ዘይቱም ሁለቴ ተተካ። ጠዋት ዲ ሳስገባ ወዲያው ትይዛለች። ዳገት ላይ ግን አልፎ አልፎ ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር አሁንም ትንሸራተታለች።

ጋራዥ ያደገ፦
እንግዲያው የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብብ። የዳሽቦርድ መብራት ባይበራም የተመዘገበ ነገር ሊኖር ይችላል። ሶሌኖይድ (የካምቢዮውን ዘይት ፍሰት የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ከሆነ በብዙ መኪኖች ላይ የታችኛው ክዳን ተከፍቶ ይቀየራል፤ ካምቢዮው አይወርድም። እስከዚያ ዳገት ላይ አታስጨንቃት።