ልጄ ሶሻል ጀስቲስ (ማህበራዊ ፍትህ) መማር ትፈልጋለች፣ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ነርሲንግ ግቢ ብላት እምቢ ብላ የስደተኞች መብት፣ የእስረኞች ጉዳይ፣ ከቤት የሚባረሩ ተከራዮች እያለች ነው የምታወራው። ፍላጎቷን መስበር አልፈልግም ግን ጨርሳ በምን ትኖራለች ብዬ ተጨንቄያለሁ። ያለነው አሜሪካ ነው፣ ግሪን ካርድ አላት። በዚህ መስመር ልጅ ያስተማራችሁ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ፦
እህቴ እንኳንም አላስገደድሻት። ስራ አለው፣ ጠበቃውም ሶሻል ወርከሩም የፐብሊክ ሄልዝ ባለሙያውም ከዚህ ይወጣል። እኔ የምፈራላት እዳውን ነው። የዚህ ሙያ ደመወዝ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው፣ ብዙ ሎን (ብድር) ተሸክማ ከወጣች የምትወደውን ትታ ብር ወዳለበት መሄዷ አይቀርም፣ ልቧ ስለቀዘቀዘ ሳይሆን በየወሩ የሚከፈል ስላለባት። ስለዚህ ኮሌጁ ፕሮግራሙን ሶሻል ጀስቲስ ብሎ ይጥራው ሶሲዮሎጂ ብዙ አትጨነቂበት፣ መጀመሪያ ስንት ሆኖ እንደሚያልቅ እይ። የተለጠፈው ዋጋም አያስደንግጥሽ፣ ድረ ገጻቸው ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለ፣ ገቢያችሁን ስታስገቢ በግምት እናንተ የምትከፍሉትን ያወጣልሻል፣ አንዳንዴ ውድ የሚባለው የግል ኮሌጅ በሚሰጠው ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ምክንያት ከስቴት ዩኒቨርሲቲው ረክሶ ይገኛል። ፋፍሳን (የፌደራል መንግስቱን የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) ሳይዘገይ ሙሉ፣ ግሪን ካርድ ስላላት ይፈቀድላታል፣ ብዙ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የእርዳታ ማመልከቻም ይጠይቃሉ።

ኬንታኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅ እስቲ አሳያት። በ1855 ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች የመሰረቱት ነው፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ በማስተማሩ ስቴቱ በ1904 በህግ ሲከለክለው እስከ ሱፕሪም ኮርት (የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት) ድረስ ተሟግቷል። ቱዪሽን (የትምህርት ክፍያ) አያስከፍልም፣ ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሰራል። የሚቀበለው በአብዛኛው ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች ልጆችን ስለሆነ እሱን ቀድመሽ አረጋግጪ። ህግ ካሰበች ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ አለ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የሱፕሪም ኮርት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በ1933 ከህግ ትምህርት ቤቱ የተመረቀ ነው፣ በ1954 ትምህርት ቤቶችን በዘር መለያየት ህገ ወጥ ነው የተባለበትን ክስ የተከራከረው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለበት ቦታ መማር ልጅን ያበረታል፣ ቢሆንም የሚሰጧትን ኤይድ ሳታዪ እሺ አትበይ።

ሌላ መልስ፦
ወንድማችን ባለው እስማማለሁ፣ ግን ትምህርቱም እኮ ይለያያል። እኔ ነን ፕሮፊት (ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት) ውስጥ ነው የምሰራው፣ ስንቀጥር የሚጠፋው ቅን ልብ ያለው ሰው አይደለም፣ ዳታ ማንበብና በጀት መስራት የሚችል ሰው ነው የሚጠፋው፣ ስለዚህ ሜጀሯ ምንም ይሁን ስታቲስቲክስ ትውሰድ። አማርኛዋንም አደራ፣ የጥገኝነት ጉዳይ የሚይዙ ቢሮዎች ቋንቋ የሚችል ሰው አጥብቀው ይፈልጋሉ።

ካምፓስ ስትጎበኙ ኢንተርንሺፑን (የስራ ልምምዱን) ማን እንደሚከፍል ጠይቁ፣ በዚህ ሙያ ነጻ የሚያሰሩት ብዙ ናቸው፣ በነጻ መስራት የሚችለው ደግሞ ቤተሰቡ ያለው ልጅ ብቻ ነው፣ ይሄ እኔን ሁሌ ያናድደኛል። ኮሌጆች ከፌደራል ወርክ ስተዲ (ተማሪ እየሰራ የሚከፈልበት የመንግስት እርዳታ) ገንዘባቸው ቢያንስ 7 በመቶውን ለማህበረሰብ አገልግሎት ስራ ማዋል አለባቸው፣ የት እንደሚመድቡ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ይነግራችኋል።

ሎን የግድ ከሆነ የፌደራሉን ብቻ ትውሰድ። በመንግስት ወይ በነን ፕሮፊት ሙሉ ሰዓት እየሰራች 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈለች ቀሪው የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ፣ የባንክ ሎን ግን እዚያ ውስጥ አይገባም።