አልማዝ ባለጭራ ወደ ሕፃን ይተላለፋል?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ64 ዓመት እናቴ ከትናንት ጀምሮ በግራ ጎናቸው ብቻ በመስመር የወጣ፣ ውኃ የቋጠረና እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ ታይቶባቸዋል። ጎረቤቶች አልማዝ ባለጭራ ነው ይላሉ። ጉድፍ ያልያዛት የ8 ወር ልጄ አብራን ስለምትኖር ሕመሙ ይተላለፍባት ይሆን?

መልስ 1፦
እናትዎን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ እንደ አሲክሎቪር ያሉ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚጠቅሙት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነውና። ጉድፍ የሚያስይዘው ቫይረስ ሕመሙ ከዳነም በኋላ በነርቭ ሥሮች ውስጥ ተደብቆ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የአንዱን ነርቭ መስመር ተከትሎ ስለሚወጣ ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ ይታያል። ፈሳሹ ሕፃኗን ቢነካት ጉድፍ እንጂ አልማዝ ባለጭራ አያስይዛትም። ቢሆንም ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ጉድፍ ያልያዛት ነፍሰ ጡርም አትቅረበው።

መልስ 2 (ከአዳማ)፦
በከንፈር ዙሪያ የሚወጣው ምች የዚሁ ቫይረስ ዘመድ የሆነ የሌላ ቫይረስ ሕመም ስለሆነ የምች ቅጠል አሽቶ ቁስሉ ላይ መቀባት አይገባም፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ሽፍታው ግንባር ወይም አፍንጫ ላይ ከወጣ ግን ለዓይን ስለሚያሰጋ አንድ ቀንም ማደር የለበትም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሕመሙ ይጠፋል?

መልስ 1፦
በአብዛኛው ይጠፋል። በአንዳንድ አረጋውያን ግን ከ3 ወር በላይ ስለሚዘልቅ፣ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዝ የተለየ መድኃኒት ስላለ ተመልሰው ሐኪሙን ያማክሩ።