ለማስተማሪያ መጽሐፍ ገምጋሚ መፈለግ ዋጋ አለው ወይስ ፎርማሊቲ ነው?

ናሙና
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሆነን ለ2ኛ ዓመት ተማሪዎች የመግቢያ ስታቲስቲክስ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽፈናል፤ 320 ገጽ ገደማ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ አሳታሚ የቋንቋ አርትዖቱንና ኅትመቱን እሠራለሁ፣ የይዘት ግምገማውን ግን እናንተው ጨርሱ ብሎናል። ትምህርት ክፍላችንም የሁለት ገምጋሚ ሪፖርት ይጠይቃል። አንዱ ባልደረባችን «ሁለት ወዳጅ ይፈርምልንና እንገላገል» ባይ ነው። ለመሆኑ ግምገማው ለመጽሐፉ ምን ይጨምራል? ማንን እንምረጥ፣ ስንት ጊዜስ እንስጥ? ስም ደብቆ ማስገምገም እዚህ አገር ይሠራል? አይኤስቢኤን ከወመዘክር ወስደናል።

ቀይ እስክሪብቶ
አይኤስቢኤኑን ከዚህ ጉዳይ ለዩት። መለያ ቁጥር ነው፤ ስለ ይዘቱ የሚመሰክረው ነገር የለም።

ጆርናል ገምጋሚውን የሚጠይቀው «አዲስ ነገር አለው ወይ?» ብሎ ነው። ማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ ግን የሚፈለገው ልክ መሆኑ፣ ከኮርሱ ጋር መሄዱና ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ ሲያነበው የሚገባው መሆኑ ነው። ስለዚህ ስመ ጥር ተመራማሪ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። አንዱ ገምጋሚ ዘርፉን ጠለቅ ብሎ የሚያውቅ፣ ሌላው ይህንኑ ኮርስ በዚሁ ደረጃ ደጋግሞ ያስተማረ ይሁን። ተማሪ የት ገጽ ላይ እንደሚደናቀፍ የሚያውቀው ሁለተኛው ነው።

በእናንተ ዘርፍ ምን እንደሚያመልጥ ላሳያችሁ። ለምሳሌ ምዕራፍ 3 የናሙና ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካውን) በኤን ሲቀነስ 1 አካፍሎ ያስተምራል እንበል፤ ኤን የቁጥሮቹ ብዛት ነው። መልመጃውን ያዘጋጀው ሌላው ደራሲ ደግሞ መልሱን በኤን አካፍሎ ያስቀምጣል። 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12ን እንውሰድ፦ አማካዩ 8፣ የልዩነቶቹ ስኩዌር ድምር 40 ነው። ለ5 አካፍለን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 2.83፣ ለ4 ስናካፍል 3.16 ይመጣል። 3.16 ያገኘ ተማሪ ከመጽሐፉ ጀርባ 2.83 ሲያይ መጽሐፉን አይጠረጥርም፤ ራሱን ነው የሚጠረጥረው። የዜድ ሰንጠረዡም (በኖርማል ኩርባ ሥር ያለውን ስፋት የሚያሳየው) እንዲሁ ነው። አንዱ ዓይነት ከ0 ጀምሮ ያለውን ስፋት ይሰጣል፤ ለ1.96፣ 0.4750 ይላል። ሌላው ከግራ ጫፍ ጀምሮ የተጠራቀመውን ይሰጣል፤ ለዚያው ለ1.96፣ 0.9750 ይላል። ሰንጠረዡ በአንዱ፣ ምሳሌዎቹ በሌላው ከተሠሩ ከዚያ በኋላ ያሉት ምዕራፎች ሁሉ ይዛባሉ። የቋንቋ አርታኢ ደግሞ ይህን አያየውም፤ ሰዋስው ምኑም አልተነካማ።

የሁለት ወዳጅ ፊርማ ትምህርት ክፍሉን ሊያስደስት ይችላል። ምዕራፍ 3ን ግን አያርምም።

የአምስት ኪሎው
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔ ወደ አሠራሩ ልግባ።

አብሯችሁ የጻፈ፣ አማካሪያችሁ የነበረ ወይም አንድ ቢሮ የሚጋራችሁ ሰው አይሁን። ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎም ወጣ በሉ፤ ጅማ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ኮርሱን የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። የእናንተን ሌክቸር ያልሰማ ሰው፣ መጽሐፉ ላይ ሳይጻፍ በቃል ብቻ የምታስረዱትን ክፍተት ቶሎ ያገኘዋል።

ስም መደበቅን በተመለከተ፣ የደራሲውንም የገምጋሚውንም መደበቅ እዚህ ይከብዳል። ሙያው ጠባብ ነው፣ ሰው ይተዋወቃል፣ ሃንዳውታችሁም ቴሌግራም ላይ ሲዞር ከርሞ ይሆናል። የገምጋሚውን ስም መደበቅ ግን ይቻላል፤ ቅድመ ሁኔታው ረቂቁን የሚልከውና ሪፖርቱን የሚቀበለው ሦስተኛ ሰው መሆኑ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ ወይም አሳታሚው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር፦ ዎርድ ላይ በጎን የተጻፈ አስተያየት የጻፊውን ስም ይዞ ይመጣል። ፋይሉ ወደ እናንተ ከመመለሱ በፊት ስሙ ይጥፋ።

ምሳሌውን እየሠራ የሚያነብ ሰው በሰዓት ከ8 እስከ 10 ገጽ ቢሄድ ነው። 320 ገጽ ከ32 እስከ 40 ሰዓት ይፈልጋል። ሰውየው ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስጡት። በሳምንቱ «በጣም ጥሩ ሥራ ነው» ብሎ የመለሰ ሰው አላነበበም። ክፍያውን ሪፖርቱ ሲደርስ ስጡ፤ ሪፖርቱ መጽሐፉን ቢጥልም ያው ክፍያ ነው።

«አስተያየትዎን ይስጡን» ብላችሁ አትላኩ፤ የሚመለሰው የኮማ እርማት ነው። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ በየምዕራፉ የትኞቹን መልመጃዎች ሠርተው መልሱ አልገጠመም? ከኮርስ አውትላይኑ የጎደለ ወይም ያለቦታው የገባ ርዕስ አለ? በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት፣ ማለትም በ48 ሰዓት ያልቃል? ነገ ክፍል ይዘውት ቢገቡ የትኛውን ምዕራፍ ይዘሉታል፣ ለምን? የመጨረሻዋ ጥያቄ ሰውን ታናግራለች።

ፕሌት
አምስት ኪሎው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሙሉው ረቂቅ ካለቀ በኋላ ብቻ መላክ ይዘገያል። የሚቀጥለውን መጽሐፍ ስትጀምሩ ማውጫውንና ሁለት የናሙና ምዕራፎችን አስቀድማችሁ አስገምግሙ። የምዕራፍ ቅደም ተከተል ስሕተት 320 ገጽ ከተጻፈ በኋላ ማንም አያስተካክለውም፤ ደራሲው ደክሟላ።

ለአሁኑ ግን የገጽ ቅንብር ከመጀመሩ በፊት ግምገማው ይጠናቀቅ። ምዕራፍ 4 ላይ ግማሽ ገጽ ከተጨመረ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ ማውጫው፣ የቃላት መጠቆሚያው፣ «ገጽ 112ን ይመልከቱ» የሚለው ሁሉ እንደ አዲስ ይታያል። ፕሌት (ገጾቹ የሚታተሙበት የማተሚያ ሰሌዳ) ከወጣ ደግሞ ይብሳል። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ የሚሰጥ ከሆነ፣ 320 ገጽ 20 ወረቀት ነው፤ በአንድ ቀለም 40 ፕሌት። አንዲት አኃዝ ለማረም 8 ገጽ የያዘውን ፕሌት ጥሎ ሌላ ማውጣት ያስፈልጋል። ከታተመ በኋላ የሚቀረው የእርማት ወረቀት ማስገባት ነው፤ እሱም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ አብሮ አይገለበጥም፣ ተማሪው የሚያነበው ደግሞ ፎቶ ኮፒውን ነው።

ናሙና
እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለቱ ገምጋሚዎች ባይስማሙስ? አንዱ የፕሮባቢሊቲው ምዕራፍ ይጠር፣ ሌላው ይስፋ ቢል?

ቀይ እስክሪብቶ
ያ ምዕራፍ ብቻ ለሦስተኛ ሰው ይላክ፤ መጽሐፉን በሙሉ ማዞር አያስፈልግም። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱም ያዩት አንድ ችግር እንዳይሆን አጣሩ። «ይጠር» ያለው ምዕራፉ ስለተንዛዛበት፣ «ይስፋ» ያለው የተሠራ ምሳሌ ስላነሰበት ከሆነ፣ ትርጓሜውን አሳጥሮ ሦስት ምሳሌ መጨመር ሁለቱንም ይመልሳል።

አስተያየቶቹን ባለ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ላይ አስፍሩ፦ ገምጋሚው ያለው፣ እናንተ ያደረጋችሁት፣ ገጹ። ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ ጻፉ፤ ሁሉን ተቀበሉ የሚል ሕግ የለም። ትምህርት ክፍሉ ማየት ያለበት ይህን ሰንጠረዥ ነው።

መልስ ቁልፍ
ዘግይቼ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ። ገምጋሚ መልመጃውን በሙሉ ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሚሠራው እየመረጠ ነው። የመልስ ክፍሉን አንድ ጎበዝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መልሱን ሳያይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥራው፣ እናንተ አስተያዩት። ለዚህም ክፈሉት።

ሌላው ከውጭ መጽሐፍ የተወሰደ ሥዕልና ሰንጠረዥ ነው። ገምጋሚ ፈቃድ አያጣራም፣ ሥራውም አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለና ከየት እንደመጣ ለእያንዳንዱ መዝግቡ፤ ያልተፈቀደውን በራሳችሁ ዳታ እንደገና ሥሩት። ስታቲስቲክስ ላይ ይህ ቀላል ነው፤ የአዲስ አበባ የወር ዝናብ መጠን ከውጭ አገር የበረዶ መረጃ ይልቅ ለተማሪውም ይቀርበዋል።